የአውሮፕላን ክንፍ እንዴት ይፈተናል?

ገበሬ አዲስ ሞፈር ሲያበጅ እንጨቱን በዓይኑ አይቶ ብቻ አያምነውም። ርዝመቱን ይለካል፤ ስንጥቅ እንዳለው ይመረምራል። ከዚያም በሬዎቹን ጠምዶ ይሞክረዋል። በወገራ ወይም በዳባት ማሳ ላይ ማረሻው ድንጋይ መትቶ ሞፈሩ ቢሰበር የአንድ ቀን ሥራ ይጓደላል። ሰው ግን አይሞትም።

የአውሮፕላን ክንፍ ቢሰበርስ? አየር ላይ ቆሞ መጠገን የለም። ከአዘዞ ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚበር አውሮፕላን የብዙ ሰው ሕይወት ይሸከማል። ስለዚህ ክንፉ ሰው ሳይሳፈርበት በፊት መፈተን አለበት። መንገዱ ሁለት ነው።

አንደኛው መንገድ በጫና መፈተን ነው። አውሮፕላኑ በሥራ ዘመኑ ሊገጥመው የሚችለው ከሁሉ የከበደ ጫና አስቀድሞ ይታወቃል። ሕጉ ክንፉ የዚህን ጫና አንድ ተኩል እጥፍ እንዲችል ያዛል። ለምሳሌ ትልቁ ጫና 100 ኩንታል ቢሆን፣ ክንፉ 150 ኩንታል ለ3 ሰከንድ ሳይሰበር መሸከም አለበት። ለዚህም አንድ ሙሉ አውሮፕላን በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይታሰርና ክንፎቹ በኃይለኛ መሣሪያ ወደ ላይ ይሳባሉ። ይህ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

ሁለተኛው መንገድ በኮምፒዩተር ማስላት ነው። ኮምፒዩተር ቁጥርን በጣም ፈጥኖ የሚያሰላ መሣሪያ ነው። እስቲ በጎንደር ያለውን የፋሲልን ግንብ አስቡ። እያንዳንዱ ድንጋይ ከላይ ያለውን ክብደት ተቀብሎ ከታች ላለው ያስተላልፋል። መሐንዲሶችም የክንፉን ሥዕል በኮምፒዩተር ውስጥ በብዙ ሺህ ትንንሽ ክፍሎች ይከፋፍሉታል። ኮምፒዩተሩም እያንዳንዱ ክፍል ከጎረቤቱ የሚቀበለውን ጫና ያሰላል። በዚህም የሚደክመው ቦታ ገና ክንፉ ሳይሠራ ይታወቃል። ጉድለት ቢገኝ ሥዕሉን ማረም ይበቃል። እንግዲህ «ስሌት ካለ አውሮፕላን መስበር ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ።

ታዲያ ስሌት ብቻውን ይበቃል ወይ? እውነተኛ ታሪክ እንይ። ቦይንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የ787 አውሮፕላኑን ክንፍ የሠራው በአዲስ ዘዴ፣ ከካርቦን ክሮችና ከሙጫ ነው። በኮምፒዩተር ብዙ ተሰልቶ ነበር። ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. በጫና ሲፈተን ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ስሌቱ ያላሳየው ድክመት ተገኘ። መጋጠሚያው ተጠናከረ፤ የመጀመሪያው በረራም እስከ ታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ዘገየ። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. በአንድ ተኩል እጥፍ ጫና ሲፈተን ክንፉ ከ7 ሜትር በላይ ወደ ላይ ጎበጠ፤ ነገር ግን ቻለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበ።

መራራ ትምህርትም አለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ በቢሾፍቱ አካባቢ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሞቱ። የዚህ ምክንያት የክንፍ መሰበር አይደለም። አንድ መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ሰጠ፤ በዚያ ቁጥር የሚታዘዝ መሣሪያም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው። አውሮፕላኑ ሲታቀድ «አብራሪዎች ይህን በጥቂት ሰከንድ ያርሙታል» ተብሎ በወረቀት ተገምቶ ነበር። ግምቱ ከእውነቱ ጋር አልገጠመም።

ከዚህ የምንማረው ስሌትን መናቅ አይደለም። ስሌት ድካምና ወጪ ይቀንሳል፤ ዓይን የማያየውንም ያሳያል። ሕጉም በስሌት ብቻ ማረጋገጥን ይፈቅዳል፤ የሚፈቅደው ግን ያ የስሌት ዘዴ ለዚያ ዓይነት አሠራር ትክክል መሆኑ በልምድ ሲታወቅ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ስሌቱ ራሱ ይፈተናል።

እኛም ቁጥር ያወቅን ሰዎች ይህን እንያዝ። ነጋዴው «እህልህ 5 ኩንታል ነው» ብሎ በወረቀት ቢጽፍ እናነባለን፤ ደግሞም በሚዛን እናየዋለን። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባል የለ!

ጥያቄዎች

1. ክንፉ የትልቁን ጫና ስንት እጥፍ መቻል አለበት?
2. ትልቁ ጫና 60 ኩንታል ቢሆን ክንፉ ስንት ኩንታል ይሸከም? አስሉ።
3. በ2001 ዓ.ም. የተደረገው ፈተና ስሌቱ ያላሳየውን ምን አሳየ?
4. በሥራችሁ በግምት ብቻ የምትቀበሉት ነገር አለ? እንዴት ይፈተን? ተወያዩ።