መጀመሪያ ውሃውን እዪ

ከኋላሽ ቆሜ ፎርሙን ስትሞዪ አየሁሽ። ስምና አድራሻ ላይ እጅሽ አልተያዘም፤ «የሥራ ልምድ» የሚለው ሣጥን ጋ ስትደርሺ ግን ብዕሩን አስቀምጠሽ ወደ ቡናው ዞርሽ። ዘጠኝ ዓመት ፓርኪንግ ሠርቼ እዚህ ምን ብዬ ልጻፍ ብለሽ ነው፤ አውቅሻለሁ። እስቲ ጠጋ በይልኝ። ስለ ቦይለር ሥራ የማውቀውን ልንገርሽና ወረቀቱን ከዚያ በኋላ ትሞዪዋለሽ።

ዘጠኝ ዓመት የሰው ቁልፍ ይዘሽ አድረሽ አንድም አልጠፋብሽም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ እንቅልፉን ሲለጥጥ፣ ያንቺ ዓይን ክፍት ነው። ሂሳብ ከጎደለ ጽፈሽ ለሚቀጥለው ሺፍት ታስረክቢያለሽ እንጂ ደብቀሽ አትሄጂም። ቦይለር ሩም ውስጥ የሚፈለገው ሰው እንዲህ ያለው ነው። የቀረውን ማንም ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው ይማረዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርትሽ ለመነሻ ይበቃሻል፤ የኮሌጅ ዲግሪ የለኝም ብለሽ አትጨነቂ።

ሥራው ምን እንደሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም፣ አጠገቡ እያለፈ። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ በ695 አውራ ጎዳና ስትነጂ ከካፒቶል በስተደቡብ የምታዪያቸው ጭስ ማውጫዎች የካፒቶል ፓወር ፕላንት ናቸው። ከ1910 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ ለኮንግረስ ሕንፃዎች እንፋሎትና ቀዝቃዛ ውሃ ይልካል። በደቡብ ምዕራብ በኩል 13ኛው መንገድና ሲ ጎዳና ላይ ያለው ትልቅ ሕንፃ ደግሞ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን በእንፋሎት ያሞቃል። ትልልቁ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ የራሱ ክፍል አለው። ላይ ያለው ሰው በሸሚዝ የሚቀመጠው፣ የቀዶ ጥገና መሣሪያው ከጀርም የሚጸዳው፣ የሆቴሉ አንሶላ የሚታጠበው ከታች አንድ ሰው ነቅቶ ስለሚጠብቅ ነው። ሥራው ይኸው መጠበቅ ነው። ላብ አለው፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ አለው፣ ጫጫታ አለው፤ ደመወዝ የሚከፈልሽ ግን በዋናነት ስለምታዪ ነው።

የእንፋሎትን ነገር አንቺ ከልጅነትሽ ታውቂዋለሽ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው። እማዬ ባቄላው አልበስል ሲላት ወደ ፕሬሸር ኩከሩ የምትሄደው ለዚህ ነበር፤ ክዳኑ ግፊቱን ሲያፍነው ውሃው ሳይፈላ የበለጠ ይሞቃል። ቦይለርም ያው ነው። በ15 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት እንፋሎቱ 121 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ በ100 ፒ.ኤስ.አይ. ደግሞ 170 ገደማ። 15 የሚለውን ቁጥር ያዢው፤ ዝቅተኛ ግፊትና ከፍተኛ ግፊት የሚለዩት እሱ ላይ ነው። አንድ ቁጥር ደግሞ ልጨምርልሽ፦ አንድ ሊትር ውሃ በተራ አየር ግፊት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ይህን አስበሽ የቦይለሩን ሆድ ስታዪው ለምን ፈቃድ እንደሚጠየቅ ማንም ሳይነግርሽ ይገባሻል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ቦይለሩ ፊት ላይ ክንድ የሚያህል የመስታወት ቱቦ አለ፤ ሳይት ግላስ ይሉታል። ከላይም ከታችም ከቦይለሩ ጋር ስለሚገናኝ ውስጥ ውሃው የቆመበትን ልክ ያሳይሻል። መሐሉ ላይ የውሃውን መስመር ካየሽ ደህና ነው። ሰው ልብ የማይለው ግን አፉ ድረስ የሞላ መስታወትና ጨርሶ ባዶ የሆነ መስታወት አንድ እንደሚመስሉ ነው። ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ መስመር የለም።

እኔ ይህን ያወቅሁት አፍሬ ነው። ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ክረምት በየሰዓቱ መዝገብ እሞላ ነበር፤ የእንፋሎቱን ግፊት፣ የውሃውን ልክ፣ የጭሱን ሙቀት፣ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ ሙቀት። አንድ ሌሊት ደከመኝና ከላይኛው መስመር እየገለበጥኩ የሦስት ሰዓቱን ባንድ ጊዜ ሞላሁት። ንጋት ላይ ሊረከበኝ የመጣው ሽማግሌ መዝገቡን አየው፣ ሦስቱን አንድ ዓይነት መስመሮች በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸውና ምንም ሳይለኝ ቦይለሩ ፊት አቆመኝ። «ውሃው የት ነው?» አለኝ። መስታወቱ ጥርት ብሏል። «ሞልቷል» አልኩት። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ከመስታወቱ ጀርባ ወደ ቀኝ አጋድሞ ያዘው። በመስታወቱ ውስጥ ሳየው እስክሪብቶው ወደ ግራ አጋድሏል። ቱቦው ውስጥ ውሃ ሲኖር እንደ መነጽር ስለሚሆን ከጀርባው ያለውን ነገር አዙሮ ያሳያል፤ ባዶ ቢሆን እስክሪብቶው እንደተያዘ ይታይ ነበር። ስለዚህ ውሃ አለ፣ እንዲያውም ከልኩ አልፎ ሞልቷል። «ልክ ነሽ፤ ግን ባዶም ቢሆን ሞልቷል ትዪኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሄጄ ያላየሁትን ቁጥር ጽፌ አላውቅም። አንቺም እንዳትጽፊ። ሰዓቱ ካለፈሽ «አላየሁም» ብለሽ ጻፊ፤ ያልታየ ነገር ከውሸት ይሻላል።

ውሃው ከመስታወቱ ግርጌ ወርዶ ከጠፋብሽ እሳቱን አጥፊ። ውሃ እንዳትጨምሪ! ደንግጦ የቆመ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ ውሃው ነው፤ ብዙ ጥፋት የደረሰውም በዚህ ነው። የሸክላ ምጣድ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ሲልበት ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ቦይለሩም ውሃ ሸሽቶት ብረቱ ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባበት ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ ብረቱም ይኮማተራል። እሳቱን አጥፍተሽ፣ ቀስ ብሎ በራሱ እንዲበርድ ትተሽ፣ ኃላፊሽን ጥሪ። ውሃ ሲያንስ እሳቱን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ እንዳለ ይነግሩሻል፤ እውነት ነው፣ አለ። ግን ዝቃጭ ሲይዘው ሳይሠራ ይቀራል። ስለዚህ መሥራቱን አለቆችሽ ባሳዩሽ መንገድ በሺፍትሽ ፈትሺውና መፈተሽሽን ጻፊ።

ይህን ሁሉ የሚያስጽፈው ሕግ በነፃ የመጣ አይደለም። ማርች 20 ቀን 1905 ማሳቹሴትስ ውስጥ ብሮክተን በምትባል ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ። ማሳቹሴትስ በ1907 የቦይለር ሕግ አወጣች፤ የአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያው የቦይለር ኮድ ደግሞ በ1915 ታተመ። ስታጠኚ «ኮድ» የሚለው ቃል ሲሰለችሽ እነዚያን የጫማ ሠራተኞች አስቢያቸው። ጠዋት ሥራ የገቡ ሰዎች ነበሩ።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ፈቃዱን የሚሰጠው መንግሥት ነው፤ ትምህርት ቤት ያስተምርሻል እንጂ ፈቃድ አይሰጥሽም። «ገንዘብ ክፈዪና በሁለት ሳምንት ላይሰንስ ትይዣለሽ» የሚልሽ ካለ ቦርሳሽን ዝጊ። ዲሲ ውስጥ መግቢያው የሦስተኛ ክፍል ስቲም ኢንጂነር ይባላል፤ ወደ ሁለተኛና አንደኛ ስታድጊ የምትይዢው ማሽን ይተልቃል። ሜሪላንድ የራሷ ቦርድና የራሷ ደረጃዎች አሏት። ሚኒሶታ ብትሄጂ ደግሞ ሌላ ነው፦ ስፔሻል፣ ሁለተኛ ክፍል፣ አንደኛ ክፍል፣ ቺፍ እያለ ይወጣል፤ ለሁለተኛው የአንድ፣ ለአንደኛው የሦስት፣ ለቺፍ የአምስት ዓመት ልምድ ይጠየቃል። ስለዚህ የምትኖሪበትንና የምትሠሪበትን ቦታ ሕግ ራስሽ ከመንግሥቱ ጽሕፈት ቤት አንብቢ፤ ማኅበር ላይ የሰማሽው ወሬ አይበቃሽም።

ልምድን በተመለከተ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰዓትሽን መዝግቢ። የት ሠራሽ፣ ምን ዓይነት ቦይለር፣ ምን ያህል ግፊት፣ ከማን በታች። ለፈቃዱ ስታመለክቺ ልምድሽን የሚያረጋግጥልሽ ሰው ያስፈልግሻል፤ አለቃሽ ሥራ ከለቀቀ ከሦስት ዓመት በኋላ ስልኩን ፍለጋ መንከራተት ምን እንደሆነ እኔ አይቼዋለሁ። ሥራ ሲለቅ አይደለም፣ አብራችሁ እያላችሁ አስፈርሚው። መግቢያ በር ከፈለግሽ ደግሞ በሆቴል ወይም በሆስፒታል የጥገና ክፍል ረዳት ሆነሽ ጀምሪ፤ አምፖል እየቀየርሽም ቢሆን ቦይለር ሩሙ ካለበት ሕንፃ ውስጥ ነሽ። የኦፕሬቲንግ ኢንጂነሮች ዩኒየን ሎካል 99ንም ጠይቂ፤ እየሠሩ የሚማሩበት ፕሮግራም አለው።

ቃላቱን ወደ አማርኛ እየመለስሽ አታጥኚ። ይህን ስልሽ ቋንቋችንን ንቄ አይደለም፤ ለማሰብና ለመረዳት አማርኛሽ ይሻልሻል፣ እኔም ያስረዳሁሽ በሱ ነው። ነገር ግን ቫልቩ ላይ የተለጠፈው፣ አላርሙ የሚጽፈው፣ በሬዲዮ የሚጠሩሽ በእንግሊዝኛ ነው። ብሎውዳውን፣ ፊድ ዋተር፣ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ስቲም ትራፕ፣ ኮንደንሴት እያልሽ እንዳሉ ያዢያቸው። እቃውን በእጅሽ እየነካሽ ስሙን ጥሪው፤ በሳምንት አሥር ቃል በቂ ነው።

ዋናውን የእንፋሎት ቫልቭ ስትከፍቺ ቀስ በይ። ቧንቧው ውስጥ የተኛ ውሃ ካለና እንፋሎቱ በድንገት ከመጣበት ውሃውን እንደ ጥይት ይወረውረዋል፤ መጀመሪያ የምትሰሚው ብረት በመዶሻ ሲመታ የመሰለ ድምፅ ነው። በጁላይ 2007 ኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል አጠገብ ከመሬት ሥር ያለ የእንፋሎት ቧንቧ የፈነዳው በዚህ ዓይነት ነገር ነው፤ ውሃውን ማስወጣት የነበረባቸው ትራፖች ተደፍነው ነበር። ያን ድምፅ ከሰማሽ ሠራተኞቹ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» ቢሉሽም አትቀበዪ። ጠይቂ፤ ጻፊው።

ሴት በመሆንሽ መጀመሪያ ላይ ይመለከቱሻል። አንዳንዱ ሊረዳሽ ብሎ መፍቻውን ከእጅሽ ይነጥቃል። «አመሰግናለሁ፣ አሳየኝና እኔ ልሥራው» በይው፤ ይህን በቃልሽ ያዢው፣ ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። ሐብልሽንና ቀለበትሽን ቤት ትተሽ ሂጂ፣ ሻርፕ አትልበሺ፣ ፀጉርሽን አጥብቀሽ ሰብስቢ። ጫማ ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ። የጆሮ መከላከያውን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አድርጊ፤ አብረውኝ ከሚሠሩት ትልልቅ ሰዎች መሐል የልጅ ልጃቸውን ድምፅ በደንብ የማይሰሙ አሉ።

በዓል ይቀርብኛል ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ቦይለር በዓል የለውም፣ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፤ ፈረንጆቹ የሚፈልጉት ዲሴምበር 25ን ነው፣ አንቺ የምትፈልጊው ጃንዋሪ 7ን። ገና ኦክቶበር ላይ ሳለሽ «ያንተን ገና እኔ እሠራልሃለሁ፣ የኔን ገና አንተ ትሠራልኛለህ» ብለሽ ተስማሚ። ፋሲካም አብዛኛውን ጊዜ ከነሱ ስለሚለይ በዚያው መንገድ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን አድሬ ያልፈሰክሁበት ዓመት አለ፣ አልዋሽሽም፤ ግን ከፓርኪንጉ አይብስም።

ደግሞ የምትገቢበትን ሥራ ሙሉውን እወቂው። እንፋሎት የሚተዉ ቦታዎች አሉ፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2015 የእንፋሎት ሥርዓቱን ወደ ሙቅ ውሃ ቀይሯል። ሆስፒታል ለመሣሪያ ማጽጃው እንፋሎት ይፈልጋል፣ የቆዩት ሕንፃዎችም ባንድ ጀንበር አይቀየሩም፤ ቢሆንም በአንድ እግር አትቁሚ። የቦይለሩን ፈቃድ እንደያዝሽ የማቀዝቀዣ ጋዝ ለመንካት የሚያስፈልገውን 608 የሚባለውን የፌዴራል የምስክር ወረቀት ጨምሪበት። ክረምት የሚያሞቅም በጋ የሚያቀዘቅዝም ሰው በየትኛውም ሕንፃ ይፈለጋል።

ፓርኪንጉን ዛሬ አትልቀቂ። ልጆቹ አሉ፣ ኪራይ አለ፤ የመጀመሪያውን የረዳትነት ሥራ ስትቀበዪ ደመወዙ አሁን በቲፕ ከምታገኚው ሊያንስ ይችላል። የሦስት ወር ኪራይ እስክታስቀምጪ ማታ እየተማርሽ ሥሪ። የጤና ኢንሹራንሱና ጡረታው ከገባ በኋላ ነው ልዩነቱ የሚታይሽ፤ እኔም የታየኝ የመጀመሪያው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

አሁን ብዕሩን አንሺ። «የሥራ ልምድ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሌሊት ሺፍት፣ የገንዘብና የንብረት ኃላፊነት፣ በጽሑፍ የሺፍት ርክክብ ብለሽ ጻፊ፤ ሁሉም እውነት ነው። ሰኞ ማታ ልጆቹን ካስተኛሽ በኋላ ደብተርሽን ይዘሽ እኔ ጋ ነይ። ከሳይት ግላሱ እንጀምራለን።