አማተሩና የተራራው ሰዓት

ወጣት፦ ጋሼ፣ የተራራ ብስክሌት ውድድር ረጅም የሚባለው ስንት ኪሎ ሜትር ሲሆን ነው?

አዛውንት፦ በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ የተራራ ማራቶን ከ60 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአሜሪካ ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሚካሄደው የሊድቪል ውድድር 160 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በአንድ ቀን ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረው ኬፕ ኤፒክ ግን ስምንት ቀን ይፈጃል። የሚወዳደሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው፤ ጥንዶቹ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከተራራቁ ይቀጣሉ። በሁለቱም ላይ አማተሩ ከባለሙያው ጋር በአንድ መንገድ ይሄዳል።

ወጣት፦ ኢትዮጵያውያን በዚህ ይታወቃሉ?

አዛውንት፦ የሚታወቁት በአስፋልቱ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞችም ልካለች፤ ፅጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ተራራው ገና ብዙ ሰው ይፈልጋል።

ወጣት፦ አማተሩ ታዲያ ከማን ጋር ነው የሚፎካከረው?

አዛውንት፦ ከሰዓት ጋር። ሊድቪልን 12 ሰዓት ውስጥ ለመጨረስ በአማካይ በሰዓት ከ13 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ መሄድ ያስፈልጋል፤ ለመብላትም፣ ለመሽናትም፣ ጎማ ለመቀየርም የቆሙበት ጊዜ እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። አምስት ቦታ አሥር አሥር ደቂቃ የተዝናና ሰው 50 ደቂቃ ጥሏል፤ ይህን ዳገት ላይ በጉልበት መመለስ ዘበት ነው። የባሰው ግን ጅማሬ ላይ የሚመጣ ነው፦ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ የመጀመሪያውን ሰዓት እንደ ሯጭ ያለፈ ከቀትር በኋላ ብስክሌቱን እየገፋ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ እያወሩ ለመሄድ የሚያስችል ትንፋሽ መኖር አለበት።

ወጣት፦ የደጋ ልጅ ሳንባው አያግዘውም?

አዛውንት፦ ያግዘዋል፣ ግን የሚባለውን ያህል አይደለም። የእኛዋ ወልቂጤ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሊድቪል ግን የሚጀመረው 3,100 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጫፉ ወደ 3,800 ይጠጋል፣ ከጉራጌው የዘቢዳር ተራራ ከፍታ ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በ30 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ደግሞም አብዛኛውን አማተር የሚጥለው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ፈርቶ ፍሬን እንደያዘ የሚወርድ ሰው ክንዱ ይዝላል፣ ፍሬኑም ይግላል፤ ድንጋዩን ትኩር ብሎ ካየም ድንጋዩ ላይ ይወጣል። ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነት መቀነስ፣ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አድርጎ መቆም፣ ወገብን ወደ ኋላ መሳብ፣ ዓይንን ራቅ አድርጎ መጣል ያስፈልጋል። ይህ በሳንባ አይገኝም፤ ደጋግሞ በመውረድ ነው።

ወጣት፦ እዚህ የት ይለመዳል?

አዛውንት፦ ከወልቂጤ በጉብሬና በእምድብር አልፎ ወደ አጋና፣ ከዚያም የገብስና የድንች አገር ወደሆነው ጉመር የሚወጣው መንገድ ለዳገት ይበቃል። ወደ ጊቤ ቆላ የሚወርደው የጅማ መንገድ ያጓጓል፤ የጭነት መኪና ስለሚበዛበት ግን ለልምምድ አይመከርም። በጉራጌ መንደሮች መካከል የሚያልፈው ሰፊ መንገድ፣ ጀፎረው፣ ሣር ስለሆነ ጎማ ይይዛል፣ እግር ያጠነክራል፤ ነገር ግን ከብት የሚግጥበት፣ ልጅ የሚጫወትበት ስለሆነ በዝግታ ነው። በሥራ ቀናት ሁለት አጫጭር፣ እሑድ አንድ ረጅም ጉዞ ይበቃል፤ ረጅሙ ከሦስት ሰዓት ተነሥቶ በወራት ውስጥ ስድስትና ሰባት ይደርሳል። ከውድድሩ በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ይቀላሉ።

ወጣት፦ ምግቡስ?

አዛውንት፦ ሳይርብ መብላት ነው። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል፤ በማርና በትንሽ ጨው የተበጠበጠ በሶ፣ ሙዝና ዳቦ ይህን ያሟላሉ። ክትፎ ቅባቱ ሆድ ላይ ስለሚቆይ ከውድድሩ በኋላ ይደርሳል። በውድድሩ ቀን ያልተለመደ ነገር አይቀመስም።

ወጣት፦ መንገድ ላይ ካቴና ቢበጠስስ?

አዛውንት፦ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ዳገት ላይ በሙሉ ጉልበት እየረገጡ ማርሽ ሲቀይሩ ነው። ስለዚህ ከዳገቱ ቀድሞ መቀየር ይሻላል። ከተበጠሰም የተሰበረውን ዘለላ በመፍቻ አውጥቶ ማያያዝ ይቻላል፤ ካቴናው ስለሚያጥር ከፊትም ከኋላም ትልልቁን ማርሽ አንድ ላይ ማስገባት አይገባም። ኪስ ውስጥ መፍቻው፣ አንድ ካላማዳሪና መንፊያ ይያዛሉ።