አንደበት ዝም ሲል እጅ ይናገራል
(ለጥናት ቡድኖችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት)

የሚነበብ ክፍል፦ ሕዝቅኤል 3፥26 እና 4፥1-3

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምርኮ አገር ሳለ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ ዝም እንዲል ተደረገ። ቀጥሎም ጡብ ወስዶ የኢየሩሳሌምን ከተማ እንዲስልበት ታዘዘ። ይህ የትንቢት ምልክት እንጂ ሕክምና አልነበረም፤ ከዚያ በላይ ልንጎትተው አይገባም። ሆኖም አንደበቱ የተያዘ ሰው የምትከበበውን የገዛ ከተማውን በጡብ ላይ ሲስል ማየታችን ለዛሬው ጥናት መነሻ ይሆነናል።

እኛ አዋቂዎች ኀዘን ሲደርስብን የምንወጣበት ወግ አለን። ለቅሶ እንቀመጣለን፣ ሙሾ ይወረዳል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል። ሕፃኑ ግን «ውጣና ተጫወት» ይባላል። «ልጅ ምን ያውቃል» እንላለን። ልጁስ ያውቃል፤ ያጣው መናገሪያ ቃል ነው። ሆድ ይፍጀው ማለትንም ከእኛው ይማራል። ከዚያ በኋላ ሌሊት ይባንናል፣ መኝታው ላይ ይሸናል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይደባደባል፤ እኛም ባለጌ እንለዋለን። አንዳንድ ጊዜም፣ በቤተ ክርስቲያናችን እንደምናየው፣ ክፉ መንፈስ ነው ብለን እንቸኩላለን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች በቼክ አገር በምትገኘው በቴሬዚን ከተማ አይሁድን አጉረው ነበር። ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የተባለች ሠዓሊ በታኅሣሥ 1942 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ወደዚያ ተወሰደች። ይዛው እንድትገባ ከተፈቀደላት ጥቂት ጓዝ ውስጥ የሥዕል ዕቃ ጨምራ ነበር። ለልጆቹ ሥዕል ማስተማር ጀመረች። ወረቀት ሲያልቅ በተጻፈበት የቢሮ ወረቀት ጀርባና በመጠቅለያ ወረቀት ላይ ይስሉ ነበር። ልጆቹ የሳሉት ግን ረኃቡንና ወታደሩን ብቻ አልነበረም። ትተውት የመጡትን ቤት፣ አበባ፣ ቢራቢሮ፣ የተዘረጋ ማዕድ ሳሉ። ልጆቹ በሥዕላቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። እዚያ ሰው የሚታወቀው በማጓጓዣ ቁጥሩ ስለ ነበረ፣ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

በጥቅምት 1944 ወደ አውሽቪትስ ተወስዳ ተገደለች። ከተማሪዎቿም አብዛኞቹ አልተረፉም። ትታው የሄደችው 4,500 ያህል ሥዕል በሁለት ሻንጣ ተደብቆ ቆይቶ ዛሬ በፕራግ በአይሁድ ሙዚየም ይገኛል። ሥዕል ከሞት አላዳናቸውም፤ እንዲህ ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆናል። በሕይወት በነበሩበት ሰዓት ግን ሰው ሆነው እንዲቆዩ ረድቷቸዋል። ቀድሞ የእርሷ ተማሪ የነበረችው ኢዲት ክራመር በ1938 ወደ አሜሪካ ሄዳ በዚህ ሙያ ከቀደሙት አንዷ ሆናለች። የሙያውን ስም፣ ማለት «የሥዕል ሕክምና»ን፣ ያወጣው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድሪያን ሂል ነው፤ እርሱም በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሳለ መሳል ሕሙማንን እንደሚረዳ ተገንዝቦ ነበር።

ለመሆኑ ሥዕል እንዴት ይረዳል? ውስጥን የሚያስጨንቀው ነገር ወረቀት ላይ ሲወጣ ከልጁ ጥቂት ይርቃል፤ ከውጭ ሆኖ ሊያየው ይችላል። ቀለሙን የሚመርጠው፣ የሚቀድደውም፣ ደግሞ የሚጀምረውም እርሱ ነው። ሁሉ ነገር ያለ ፈቃዱ ለተወሰደበት ልጅ ይህ ትልቅ ሥልጣን ነው። የሥዕሉ ማማር ከቁም ነገር አይገባም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት ብዙ ልጆች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። እንዲህ ካሉ ልጆች ጋር የምትሠሩ ወገኖች ውድ ዕቃ አያስፈልጋችሁም። ከሰል፣ ጭቃ፣ የካርቶን ቁራጭ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ያው ሰው ይገኝ፤ የተናወጠ ልጅን የሚያረጋጋው ይህ አለመለዋወጥ ነው። «ጦርነቱን ሳል» ብላችሁ አታስገድዱ። «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ከመመርመርም «ስለ ሥዕልህ ልትነግረኝ ትወዳለህ?» ማለት ይሻላል። ዝም ካለ ዝም በሉ። ጥቁር ቀለም ያነሣ ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ ምናልባት በእጁ የነበረው ከሰል ብቻ ነው! ትርጉሙን መናገር የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ልጁ ራሱን ለመጉዳት ከዛተ፣ ወይም መብላትና መተኛት ካቆመ፣ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት፤ ጸሎታችሁም አብሮት ይሂድ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ብዙዎቻችሁ የልጆቹን ሥዕል በዚህ ጋዜጣ ብናወጣ ደስ እንደሚላችሁ እናውቃለን፤ ገንዘብም ያስገኛል። ሆኖም ሥዕሉ የልጁ ነው። በምሥጢር ያወጣውን ኀዘን ለመዋጮ መጠየቂያ ብናደርገው ደግሞ እጁን አያነሣም። ስለዚህ ልጁና አሳዳጊው በግልጽ ካልፈቀዱ አናወጣም።

ለውይይት፦ በአጥቢያችሁ ወላጅ የሞተበት ልጅ በለቅሶው ቤት የት ይደረጋል? ማን ያናግረዋል? ከሰንበት ትምህርቱ ሰዓት ላይ ስንት ደቂቃ ልትሰጡት ትችላላችሁ?