«ለልጄ የምልከው ጌም ኢንተርኔት ይገባል ወይ?»



የዚህ ወር ትምህርታችን መነሻ ከአንዲት እህታችን የደረሰን ጥያቄ ነው። የምትሠራበት ቤት ልጆች አድገው፣ ኒንቴንዶ ዲኤስ የሚባለውን በእጅ የሚያዝ አሮጌ ጌማቸውን ሰጧት። እሷም አገር ቤት ላለው ልጇ ልትልክለት አሰበች። ልጁ ግን በስልክ «እማዬ፣ ከሩቅ ጓደኛ ጋር በኢንተርኔት ያጫውታል?» ብሎ ጠየቃት። በዕረፍት ቀኗ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብታ ብትጠይቅ፣ ሻጩ ፍላሽ የምታህል ነጭ ዕቃ አወጣና «ይህ ዩኤስቢ አዳፕተር ጌሙን ኢንተርኔት ያስገባዋል» አላት። የጠራላት ዋጋ የሳምንት ደመወዟን ያህል ነው። «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ትላለች።

መልሳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ይቅርብሽ። ግን «ይቅርብሽ» ብቻ ብለን ብናልፍ ነገ ሌላ ሱቅ ሌላ ዕቃ ሲያሳይሽ ተመልሰሽ እዚያው ነሽ። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አብረን እንየው። ሌሎቻችሁም የምትሠሩበት ቤት ውስጥ ይጠቅማችኋል።

ሻጩ ዕቃው ምን እንደሆነ አልዋሸም። ኒንቴንዶ ዲኤስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በኖቬምበር 2005 ኩባንያው ባለጌሞቹ በኢንተርኔት የሚገናኙበትን አገልግሎት ከፈተ፤ ማሪዮ ካርት የሚባለው የመኪና ውድድርም ከመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ በብዙ ቤት ኢንተርኔት የሚገባው በገመድ ሆኖ አንድ ኮምፒውተር ላይ ያበቃ ነበር። ዛሬ የለመድነው ዋይፋይ በየቤቱ አልነበረም። ጌሙ ደግሞ የገመድ መሰኪያ የለውም፤ የሚያውቀው ዋይፋይን ብቻ ነው። ያቺ ዩኤስቢ የተሠራችው ይህን ችግር ለመፍታት ነበር።

አገር ቤት ቧንቧ የገባለት ጎረቤት ለሌላው በጎማ ውኃ ሲያቀብል አይታችኋል። ኮምፒውተሩ ቧንቧ ያለው ቤት ነው፣ አዳፕተሩ ጎማው ነው፣ ጌሙ ጀሪካኑ ነው። አዳፕተሩን ኮምፒውተር ላይ ሰክተው አብሮት የመጣውን ፕሮግራም ሲጭኑ፣ ኮምፒውተሩ በገመድ የተቀበለውን ኢንተርኔት በትንሽ ሬዲዮ ወደ አካባቢው ይረጫል። ጌሙ ሲፈልግ ያገኘዋል። ኮምፒውተሩም የጌሙን ባለቤት ስም በስክሪን ላይ ያሳያል፤ ሰው ተቀምጦ ሲፈቅድለት ብቻ ያስገባዋል። እስከ 5 ጌም ድረስ በአንድ ጊዜ ያስተናግድ ነበር። ለጊዜው ብልህ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ እህታችን ጉዳይ እንመለስ። ጎማ መግዛት የሚረዳው ቧንቧው ውስጥ ውኃ ካለ ነው። ኩባንያው ያንን የዲኤስ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2014 ዘግቶታል። ልጁ ጌሙን ከፍቶ «በኢንተርኔት ተጫወት» የሚለውን ቢነካ፣ ጌሙ የሚደውልለት ቤት ሰው የለበትም። ኢንተርኔቱ ቢኖር፣ አዳፕተሩ ቢሠራ፣ ሁሉም ቢሟላ እንኳ የሚመልስለት የለም። ከዲኤስ በኋላ የመጣው ስሪዲኤስም ቢሆን በኢንተርኔት የሚያጫውተው አገልግሎት በኤፕሪል 8 ቀን 2024 ተቋርጧል። ስለዚህ «ይህኛው አዲስ ነው፣ ይህስ?» የሚል ሻጭ ቢመጣም መልሱ ያው ነው። የጌሙ አፍቃሪዎች በራሳቸው ኮምፒውተር ያቆሙት ምትክ አገልግሎት እንዳለ እናውቃለን፤ ግን የጌሙን የመስመር ቁጥሮች መነካካት ይጠይቃል። እናቱ ሩቅ ላለች ልጅ አንመክረውም።

ሌላም እንቅፋት አለ። ያ አዳፕተር የተሠራው ዊንዶውስ ኤክስፒ ለሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ጥበቃ መስጠት ያቆመው እዚያው 2014 ውስጥ፣ በኤፕሪል 8 ነው። እህታችን ልጇ አጠገብ ኮምፒውተር ስለመኖሩ ያነሳችልን ነገር የለም። ኮምፒውተር ከሌለ ደግሞ ዩኤስቢው የሚሰካበት የለውም። ጌሙ ላይ የሚሰካ የመሰላት ይመስለናል፤ ሻጩም አላስረዳትም።

«ታዲያ ዋይፋይ ያለበት ቤት ያለ አዳፕተር አይሠራም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። የዲኤስ ጨዋታዎች የሚያውቁት የዋይፋይ ቁልፍ ዌፕ የሚባለውን አሮጌውን ብቻ ነው። ዌፕ በምስማር የሚከፈት ጓጉንቸር ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ጀርመን አገር ያሉ ተመራማሪዎች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እንደሚሰበር አሳይተዋል። የዛሬ ቤቶች የሚጠቀሙት ደብሊውፒኤ የተባለውን ጠንካራ ቁልፍ ስለሆነ፣ ዲኤስ በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ እናንተንም ይነካልና። አንዳንድ ጊዜ የቤቱ ልጅ አሮጌ ጌም ከመሳቢያ ያወጣና «ራውተሩን ያለ ፓስወርድ አድርጊልኝ» ወይም «ቁልፉን ወደ አሮጌው ለውጪልኝ» ይላችኋል። እባካችሁ አታድርጉት። ራውተር የቤቱ በር ነው። ክፍት ከሆነ ጎረቤቱም መንገደኛውም ይገባል፣ በቤቱ ስም የማይገባ ነገር ሊሠራ ይችላል፣ ጥያቄው ሲመጣ ደግሞ ማን ነካው ይባላል? ፓስወርዱ ሲቀየር የማዳም ስልክ፣ የሚስተር ኮምፒውተር፣ ቴሌቪዥኑም ሁሉ ይቋረጣል። ከአገር ቤት የምታወሩበት የእናንተው ስልክም እንዲሁ። «ማማን ወይም ባባን ጠይቅ፣ እነሱ ይለውጡት» ብላችሁ በፈገግታ መልሱለት።

አዳፕተር ዛሬም ሥራ ያለው በሌላ ጌም ላይ ነው። በብዙ ቤት ያለው ኒንቴንዶ ስዊች እ.ኤ.አ. በማርች 2017 የወጣ ሲሆን፣ በእጅም ይያዛል፣ ዶክ የሚባለው መቀመጫ ላይ ሲቀመጥም በቴሌቪዥን ይታያል። የዚህ አዳፕተር ሥራ ከፊተኛው የተለየ ነው። የፊተኛው በገመድ የመጣውን ወደ ዋይፋይ የሚለውጥ ነበር፤ ይህኛው ከራውተር የመጣውን የኢንተርኔት ገመድ በዶኩ ዩኤስቢ በኩል ወደ ጌሙ ያስገባል፣ ዋይፋይን ጭራሽ ይተዋል። ወፍራም የሲሚንቶ ግድግዳ ባለበት ቤት ዋይፋዩ ሳሎን ድረስ ሲደክም ሰዎች ይህን ይገዛሉ። በ2021 የወጣው ኦሌድ የሚባለው ስዊች እና በ2025 የወጣው ስዊች 2 በዶካቸው ላይ የገመድ ቀዳዳ ስላላቸው አዳፕተር አያስፈልጋቸውም።

ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ኋላ አቧራ ስትጠርጉ አንድ ጫፏ ዩኤስቢ፣ ሌላ ጫፏ ከስልክ ገመድ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ዕቃ ብታገኙ ፍላሽ ናት ብላችሁ ወደ መሳቢያ አትወርውሯት፤ ከጥራጊ ጋርም አትሂድ። ለማጽዳት መንቀል ግድ ከሆነ መጀመሪያ በስልካችሁ ፎቶ አንሷት፣ ከዚያ እንደነበረች መልሷት። ማታ ልጁ «ጌሜ ኢንተርኔት አልገባም፣ እሷ ነክታው ነው» ቢል ፎቶው ይመሰክርላችኋል።

ነክታችሁትም ሆነ ሳትነኩት እንዲህ ከተባላችሁ አትደንግጡ። ገመዱ ራውተሩ ላይም አዳፕተሩ ላይም ቀጭ ብሎ መግባቱን እዩ። የራውተሩ መብራት በርቷል? ቤሩት ያላችሁ እንደምታውቁት መብራት ሄዶ ኢሽቲራክ ሲመጣ ራውተሩ ጠፍቶ እንደገና ስለሚነሳ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁት። ጌሙ ዶኩ ላይ በደንብ ተቀምጧል? ልጁ አንስቶ አልጋው ላይ ይዞት ከሄደ ገመዱ ዶኩ ላይ ቀርቷል፣ ጌሙም ወደ ዋይፋይ ተመልሷል፤ ብዙ ጊዜ ምሥጢሩ ይህ ነው። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከቀረ፣ ጌሙ ውስጥ ያለውን የኢንተርኔት ማስተካከያ ራሱ ልጁ ወይም ወላጆቹ ይክፈቱት። ወላጆች የጨዋታ ሰዓትና ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገርን የሚገድቡበት ምሥጢር ቁጥር ጌሙ ላይ ሊኖር ይችላል። ልጁ ቁጥሩን አምጪ ቢላችሁ ብታውቁትም አትስጡት፤ የወላጆቹ ነው።

እህታችን፣ ጌሙን ግን አትጣይው። ያለ ኢንተርኔት ጥሩ አድርጎ ይጫወታል። ሁለት ዲኤስ ያላቸው ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ጌሞቹ በራሳቸው ሬዲዮ ይገናኛሉ፤ ለዚህ ራውተርም አዳፕተርም አይጠይቅም። የዲኤስ ካርዶችም በጥቅሉ አገር አይመርጡም፤ እዚህ የተገዛ ካርድ እዚያም ይሠራል። ለአዳፕተሩ ልታወጪ ያሰብሽውን ገንዘብ ግማሹን እንኳ ሳትጨርሺ ልጅሽ የሚወደውን አንድ ሁለት ያገለገሉ ካርዶች ልታገኚ ትችያለሽ፤ ግን ከመክፈልሽ በፊት ሱቁ ውስጥ አስገብተሽ ሞክሪያቸው።

አንድ ቀን ስዊች ልትገዢለት ብታስቢም ይህን አስቢበት፦ ኢንተርኔቱን የሚያገኘው ከስልክ ከሆነ፣ የገመድ አዳፕተር አይጠቅመውም፤ የሚሰካበት ገመድ የለምና። ጨዋታ ከኢንተርኔት ማውረድም ብዙ ጊጋባይት ስለሚበላ አያቱ የገዙለት የወር ፓኬጅ በአንድ ማታ ሊያልቅ ይችላል። በካርድ የሚገባውን ብትመርጪ ይሻላል።

ከመላክሽ በፊት ቻርጀሩን ገልብጠሽ የተጻፈውን አንብቢ። 100-240 ወይም 220-240 የሚል ከሆነ አገር ቤት ይሠራል። ከአሜሪካ የመጣ ሆኖ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ይቃጠላል፤ ሌላ ፈልጊለት። ባትሪው ሊትየም ስለሆነ ጌሙን የሚወስድልሽ ሰው በእጅ ሻንጣው ይያዘው፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አያስገባው። አጥፍተሽ፣ ስክሪኑን በጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ካርዶቹን በትንሽ ላስቲክ ለብቻቸው አስረሽ ስጪው።