ከወገብ ቀዶ ጥገና በኋላ ህመሙ ላልለቀቀው ልጄ

ልጄ፣ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሆስፒታል የአጥንት ሕሙማን ክፍል፣ በነርስነት ነው። ስፌቱ ተፈትቶ፣ ቁስሉ ጠግጎ፣ «አሁንም ያመኛል» ለማለት ግን የሚያፍር ወጣት ብዙ አይቻለሁ። ዘመድ አዋጥቶ፣ አባት በሬ ሸጦ ያሳከመው ልጅ «አልተሻለኝም» ማለት ውለታ መካድ ይመስለዋል። ስለዚህ ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል። እነዚህን ምክሮች የጻፍኩት ለእሱ ነው።

1. አትፈር። ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ ህመም ሥር የሰደደ ህመም ይባላል። ከአከርካሪ ቀዶ ጥገና በኋላ ይህ የሚገጥመው ሰው ጥቂት አይደለም፤ የስንፍናም የእምነት ማነስም ምልክት አይደለም። ሐኪሙ ነርቩን የተጫነውን ዲስክ ያነሳል፤ ለወራት ተጨፍልቆ የከረመ ነርቭ ግን ጭነቱ ስለተነሳለት ብቻ በአንድ ጊዜ አያገግምም። ሙሉ በሙሉ የማያገግምም አለ።

2. የህመምህን ታሪክ አሟልተህ ተናገር። ከምነግርህ ሁሉ ይህን አጥብቀህ ያዝልኝ። ሐኪም ፊት «ወገቤን» ብሎ ዝም የሚል ታካሚ የሚያገኘው ያው ማስታገሻ ነው። ህመሙ ወገብህ ላይ ነው ወይስ ወደ እግርህ ይወርዳል? ያቃጥላል፣ ይነዝራል ወይስ እንደ ድካም ይከብዳል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተሻለህ ጊዜ ነበር? እግርህ ቀሎህ ከርሞ ህመሙ ድንገት ከተመለሰብህ ዲስኩ እንደገና ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ቀስ በቀስ ከተመለሰ በነርቩ ዙሪያ የተፈጠረ ጠባሳ ይጠረጠራል። ስትቆምና ስትጎነበስ ብቻ የሚብስ ከሆነ የአጥንቱ አለመጽናት፣ በቀዶ ጥገናው ገብቶ የላላ ብሎን ወይም ከተሠራው ቦታ ቀጥሎ ያለው ዲስክ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም ለውጥ ካላየህ ደግሞ የህመሙ ምንጭ ምናልባት ሌላ ነው፤ ወይም ነርቩ ቀድሞውኑ ተጎድቷል። ይህን ሁሉ የሚለየው ሐኪሙ ነው፤ መነሻ የሚሰጠው ግን ያንተ ቃል ነው።

ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ የተነሳኸውን የኤምአርአይ ፊልም፣ ምን እንደተሠራልህ የሚገልጸውንም ወረቀት ይዘህ ሂድ። ወረቀቱ ካልተሰጠህ ጠይቅ፤ መብትህ ነው። ጠባሳን ከዲስክ ለመለየት አንዳንዴ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ ኤምአርአይ ይነሳል። ፊልሙ ላይ የሚታየው ሁሉ ግን የህመምህ ምክንያት ነው ብለህ አትደንግጥ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ምንም ከማያማቸው የ50 ዓመት ሰዎች 80 በመቶ የሚሆኑት ያረጀ ዲስክ ይታይባቸዋል።

3. ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውን ምልክቶች ዕወቅ። ሽንት እምቢ ካለህ ወይም ካመለጠህ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ በብልትህና በመቀመጫህ ዙሪያ ከደነዘዘህ፣ እግርህ እየሰነፈ ከሄደ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ትኩሳትና ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽም እንዲሁ። ሌሊት ከሆነ ንጋትን አትጠብቅ።

4. ለሁለተኛ ቀዶ ጥገና አትቸኩል። ነርቭ የሚጫን ዲስክ፣ የላላ ብሎን ወይም ኢንፌክሽን በግልጽ ከታየ ተገቢ ነው። ጠባሳን ለማንሳት ብቻ መከፈት ግን ሌላ ጠባሳ ያመጣል። በየድግግሞሹም የመሻል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ሌላ ሐኪም አማክር፤ የመጀመሪያውን ማስቀየም አይደለም።

5. መድኃኒትህን ዕወቀው። ለነርቭ ህመም የሚታዘዙት እንደ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ያሉት ናቸው። አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒትም ስለሆነ «እብድ መሰልኳቸው?» ብሎ የሚጥለው አለ። አትጣለው፤ በትንሽ መጠን የነርቭን ህመም ያበርዳል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። ውጤቱ በሳምንታት እንጂ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ዳይክሎፌናክን ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መዋጥና መወጋት ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ትራማዶል ሱስ ያስይዛል፤ ከአልኮል ጋር ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ከቆየህበትም በድንገት አታቁመው፤ በሐኪም እየተቀነሰ ይቆማል።

6. ተንቀሳቀስ፤ በልክ። ከአልጋ ስትነሳ ጀርባህን አታጥፍ። መጀመሪያ ጉልበቶችህን ሰብስብ፣ ትከሻህንና ዳሌህን አንድ ላይ ወደ ጎን አዙር፣ እግሮችህን ከአልጋው አውርድ፣ በዚያው ጊዜ በክንድህ ፍራሹን ገፍተህ ተቀመጥ። ትንፋሽህን አትያዝ።

በእግር መሄድ ትልቅ መድኃኒት ነው። ከበር እስከ ጎረቤት አጥር ያለ ችግር ከቻልክ ለሳምንት እዚያው ላይ ቆይ፤ ከዚያ ጥቂት ጨምር። ብዙዎችን የሚጥላቸው የተሻላቸው ቀን ነው። ጠዋት ቀለል ሲላቸው የከረመውን ሥራ ሁሉ በአንድ ቀን ይሠሩና ሦስት ቀን ይተኛሉ። በጥሩው ቀንም በመጥፎውም ተቀራራቢውን ሥራ። ፊዚዮቴራፒስት ካገኘህ የሆድና የጀርባ ጡንቻ ማጠንከሪያውን ተማርና ቤትህ ውስጥ ቀጥል።

7. የተሠራ ወገብ ለወጌሻ አይሰጥም። ወጌሻን አልንቅም፤ ብዙ ወለምታ ሲያቃኑ አይቻለሁ። ብሎን የገባበት ወይም አጥንት የተነሳለት አከርካሪ ግን ቢታሽ፣ ቢጎተት ወይም ቢረገጥ አደጋው ከባድ ነው። ሙቅ ውኃ በጎማ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለህ መያዝ ይበቃሃል፤ የደነዘዘ ቆዳ ላይ ግን አታድርገው፣ ሳይሰማህ ያቃጥልሃል።

8. እንቅልፍህንና ሐሳብህን ተንከባከብ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የህመም መልእክት በህብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ማለፊያ እንዳለው ጻፉ። ፍርሃትና ጭንቀት ህመሙን ያባብሳሉ፤ እረፍትና ደስታ ያቀሉታል። ህመሙ የሐሳብ ፈጠራ ነው ማለት ግን አይደለም። ተስፋ መቁረጥ ከበረታብህ የአእምሮ ሐኪም ማየት የሕክምናህ ክፍል ነው። በጾም ስግደት ካቃተህ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ ለሕመምተኛ ቀለል ያለ ሥርዓት አለ።

9. ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጀርባ ውስጥ ስለሚተከል መሣሪያ ቢነግርህ እውነት ነው። በኤሌክትሪክ የህመሙን መልእክት የሚያደበዝዝ ሲሆን የመጀመሪያው የተተከለው በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነው። ለአንዳንድ ሰው በተለይ የእግሩን ህመም ይቀንሳል፤ ጨርሶ አያጠፋም። ዋናው ከመተከሉ በፊት ለጥቂት ቀናት ይሞከራል። ገንዘብ ከማሰባሰብህ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቅ፦ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ማን ያስተካክልልኛል? ባትሪውንስ ማን ይቀይርልኛል?

10. ሥራህን አትተው፤ አስተካክለው። ሹፌር ወይም የግንባታ ሠራተኛ ከሆንክ ለአሠሪህ የምታሳየው የሐኪም ማስረጃ «ቀላል ሥራ ይሰጠው» ብሎ ብቻ እንዳያልፍ። ስንት ኪሎ ማንሳት እንደምትችል፣ ሳትነሳ ለምን ያህል ጊዜ መቀመጥ እንደምትችል፣ መቼ እንደገና እንደምትታይ በግልጽ ይጻፍልህ። አንዱን ቅጂ ለአሠሪህ ስጥ፣ ሌላውን ከኤምአርአይ ፊልሙ ጋር አስቀምጥ።