ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ጭንቀትና የእጅ ስልካችን



ልጅ ሲወለድ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። ገንፎው ይገነፋል፣ ጎረቤቱ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ ይገባል፣ ይወጣል፣ አያት ከሩቅ አገር ድረስ ትመጣለች። በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ ብትታይ፣ አብዛኞቻችን የምንለው "የአራስ ነገር ነው፣ ያልፋል" ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ያልፋል። የማያልፍበት ጊዜ ግን አለ። በዚህ ትምህርት ያንን ጊዜ እንዴት እንደምትለዩና በየኪሳችሁ የያዛችሁት የእጅ ስልክ ምን ያህል ሊረዳችሁ እንደሚችል እንመለከታለን። ስልክ ሐኪም አይደለም። ነገር ግን በቤት ውስጥ የተሸሸገውን ጭንቀት ወደ ባለሙያ ጆሮ ለማድረስ ጥሩ ተላላኪ ሊሆን ይችላል።

ማልቀስ ሁሉ በሽታ ነውን?

ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆደ ባሻ መሆን፣ ያለ ምክንያት ማልቀስና መነጫነጭ በብዙ እናቶች ላይ ይታያል። በሰውነት ውስጥ ያሉት ሆርሞኖች ከወሊድ በኋላ በፍጥነት ስለሚቀንሱ፣ በዚያም ላይ ድካምና የእንቅልፍ እጦት ስለሚታከልበት የሚመጣ ነው። ዕረፍትና የቅርብ ሰው እርዳታ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል።

ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ልብ ሲከብድ፣ ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ሁሉ ሲያስጠላ፣ ሕፃኑ ተኝቶ እያለ እንኳ እንቅልፍ አልመጣ ሲል፣ "እኔ የማልረባ እናት ነኝ" የሚል ሐሳብ ሲመላለስ፣ ይህ ባለሙያዎች ድባቴ የሚሉት፣ ብዙ ሰው የመንፈስ ጭንቀት በሚል ስም የሚያውቀው ሕመም ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በዓለም ላይ በቅርብ ከወለዱ እናቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ ያጋጥማቸዋል። በታዳጊ አገሮች ደግሞ ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል፤ ይኸውም ከአምስት እናቶች አንዷ ማለት ነው።

አባቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጽሑፍ፣ ከባለቤቱ እርግዝና አንሥቶ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ከ10 አባቶች አንዱ ገደማ ድባቴ እንደሚይዘው አመልክቷል። ወንድ ልጅ ሲከፋው "ከፍቶኛል" ማለት ስለሚከብደው ብዙ ጊዜ አምሽቶ ይገባል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ ወይም ይጠጣል። በቤት ያሉትም ጠባዩ ተለወጠ እንጂ ታመመ አይሉትም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ

አንድ ባልና ሚስትን እናስብ። የመጀመሪያ ልጃቸው ከተወለደች ስድስት ሳምንት ሆኗታል። የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው። እሱ ጠዋት በ1 ሰዓት ወጥቶ ማታ በ1 ሰዓት ይመለሳል። አያትየዋ ወደ አገሯ ሄደዋል። ሌሊት ሕፃኗ ጠብታ ስትተኛ እናት ስልኳን ታነሣለች። "ለአምስት ደቂቃ" ብላ ጀምራ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ ሁለት ሰዓት ትቆያለች። እዚያ የምታያቸው ጸጉራቸውን የተሠሩ፣ ቤታቸው የጸዳ፣ ልጆቻቸው የማያለቅሱ እናቶችን ነው። ሌሊት በ9 ሰዓት ሲያለቅስ የተነሣውን ፎቶግራፍ የሚለጥፍ ሰው የለም። ባል ሲነቃ የስልኩን ብርሃን ያያል። "አንቺ ደግሞ ከዚህ ስልክ ጋር!" ብሎ ፊቱን ያዞራል። እሷም ዝም ትላለች። እሱ ችግሩ ስልኩ ይመስለዋል፤ እሷ ደግሞ እሱ እንደማያስብላት ትደመድማለች። ሁለቱም ተሳስተዋል።

በዚህ ቤት መጀመሪያ መደረግ ያለበት ስልኮቹን ሌሊት ከአልጋው አጠገብ ማራቅ ነው። ስልኮቹን የምሽጉበት ቻርጀር ከአልጋው ርቆ ይሰካ። ለማጥባት መብራት ካስፈለገ ደብዘዝ ያለ አምፖል ይበቃል። ይህ ሕግ ለባልም ጭምር ነው፤ እሱ ኳስ እየተመለከተ እሷን መከልከል አይሆንም። ቀጥሎም ከጠባች በኋላ ሕፃኗን ማስገሳትና ማስተኛት የአባት ተራ ቢሆን፣ እናት ሳትቆራረጥ አራት ሰዓት ያህል ልትተኛ ትችላለች። የተጨነቀ ሰው በደንብ ሳይተኛ ሌላው ምክር ሁሉ ብዙም አይገባውም።

የ14 ቀን ማስታወሻ

በአብዛኛው ስልክ ላይ ማስታወሻ መጻፊያ ቦታ አለ። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ክፍያም የለውም። ከዘመናዊዎቹ አፖች ሁሉ ይልቅ እኛ የምናምነው በዚህ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ ለ14 ቀን ማታ ማታ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፋል። ስንት ሰዓት እንደተተኛ፣ የልብ ሁኔታ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደነበር፣ ቀኑ በምን እንደዋለ። ለምሳሌ፦ "ማክሰኞ፣ እንቅልፍ 3 ሰዓት፣ ልብ 2፣ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም።" "እሑድ፣ እንቅልፍ 5 ሰዓት፣ ልብ 6፣ እህቴ መጥታ ቡና አፈላን።" መጻፍ የሚከብደው በድምፅ መቅጃው ሊናገር ይችላል።

ለምን ይጠቅማል? እንደምታውቁት በእኛ ባህል "እንዴት ነሽ?" ተብላ የተጠየቀች ሴት የምትመልሰው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ነው። ለጎረቤትም፣ ለአማትም፣ ለነርስም መልሱ ያው ነው። መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ነርሷ ክብደት መዝና፣ የሕፃኑን ክትባት አይታ ካርዱን ስትመልስ እውነቱ ሳይነገር ይቀራል። በአፍ ለመናገር የሚከብደውን ግን ስልኩን ከፍቶ "ይህን አንብቢልኝ" ማለት ይቻላል። ከ14 ቀን ውስጥ 11ዱ ከ3 በታች ከሆኑ ነርሷ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ሁለተኛም ጥቅም አለው። ድባቴ የያዘው ሰው ሁልጊዜ እንዲህ እንደነበረና ወደፊትም እንዲህ እንደሚሆን ይሰማዋል። ማስታወሻው ግን እሑድ 6 እንደነበር ይመሰክራል። እሑድ ምን ነበረ? እህት መጥታ ነበር፣ ሁለት ሰዓት የበለጠ እንቅልፍ ነበር። እንግዲያው በሚቀጥለው ሳምንት እህት ረቡዕም እንድትመጣ መለመን ነው።

ባልም የራሱን ይጻፍ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቡና ላይ፣ አንዱ ለሌላው ቁጥሩን ይንገር። አንዱ የሌላውን ስልክ በስርቆት ከፍቶ ማንበብ ግን ፈጽሞ አይገባም። አንድ ቀን እንዲህ ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያገኘው እውነተኛ ማስታወሻ አይሆንም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ አንድ መጠይቅ አለ። በስኮትላንድ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድባቴ መለኪያ ይባላል። 10 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚጠይቀውም ያለፉትን 7 ቀናት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በወለዱ እናቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። መጠይቁ ዛሬ በስልክ ላይ ጭምር ይገኛል። ይሁን እንጂ ከፍ ያለ ነጥብ ማግኘት "ታመምሽ" ማለት አይደለም፤ "ከባለሙያ ጋር ተነጋገሪ" ማለት ነው። ነጥቡ ዝቅ ቢልም ልባችሁ ከከበደ መምጣት ትችላላችሁ።

የቀጠሮ ማንቂያ

ያልታቀደ እርግዝና እንዳይመጣ መፍራት ራሱ አንዱ የጭንቀት ምንጭ ነው። በመርፌ የምትጠቀሙ በየ3 ወሩ፣ ኪኒን የምትወስዱ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ስልኩ እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ። ስልክ ሲሞላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስላለ ልብ በሉ። የቀጠሮ ካርዱ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን አብዛኛው ስልክ የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ነው። ጥር 12 በአብዛኛው ዓመት ጃንዋሪ 20 ነው እንጂ ጃንዋሪ 12 አይደለም። ማታ 2 ሰዓት የሚወሰድ ኪኒንም በስልኩ ላይ 8 ሰዓት ከምሽት ወይም 20፡00 ተብሎ ይሞላል። በ2 የተሞላ ስልክ ሌሊት በ8 ሰዓት ደውሎ ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

የእርግዝና መከላከያ ከጀመራችሁ በኋላ ጠባያችሁ ወይም ስሜታችሁ የተለወጠ ከመሰላችሁ የጀመራችሁበትን ቀን ከማስታወሻው ጋር አስተያዩት። በዴንማርክ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በሆርሞን መከላከያና በድባቴ መካከል ግንኙነት እንዳለ አሳይቷል። ልዩነቱ አነስተኛ ነው፤ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑንም ጥናቱ አላረጋገጠም። በርካታ ሴቶች ምንም ሳይሰማቸው ይጠቀማሉ። ስለዚህ በራሳችሁ ከማቋረጥ ይልቅ ወደ ክሊኒክ መጥታችሁ ተናገሩ። የሚለወጥ ዘዴ አለ፤ ሆርሞን የሌለውም አለ።

በስልክ የሚሰሙና የሚያነጋግሩ ነገሮች

የዓለም ጤና ድርጅት ውጥረትን ለመቋቋም የሚረዳ፣ በድምፅ የተቀረጸና በሥዕል የተደገፈ ትምህርት አዘጋጅቷል። በሰሜን ኡጋንዳ በስደት በሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ሴቶች ላይ ተሞክሮ ጭንቀታቸው እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ይገልጻል። ሴቶቹ ድምፁን ያዳመጡት ብቻቸውን በየጎጆአቸው ሳይሆን በቡድን ተቀምጠው፣ የሚያስተባብራቸው ሰው ባለበት ነው። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ብታገኙ ሁለት ሆናችሁ አዳምጡት።

ሰው መስለው የሚመልሱ አፖችም መጥተዋል። ነገሩ አዲስ ቢመስልም ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባሉ የኮምፒዩተር ሊቅ ኤሊዛ የተሰኘውን ፕሮግራም ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈለትን ቃል ገልብጦ ከመጠየቅ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ሆኖም የገዛ ጸሐፊያቸው ከማሽኑ ጋር "ለብቻዬ ላውራ" ብላ ከክፍሉ እንዲወጡላት እንደጠየቀቻቸው ጽፈዋል። የዛሬዎቹ ከዚያ እጅግ የረቀቁ ናቸው። ሌሊት ልብን ለማቅለል ቢረዱም ሕፃኑን የሚያቅፍላችሁ፣ ፊታችሁ መገርጣቱን የሚያይ ሰው አይሆኑም። መድኃኒት በእነሱ ምክር አትጀምሩ፣ አታቁሙም።

ስለ ምስጢርም እናንሣ። ፍሎ የተባለው የወር አበባ መከታተያ አፕ የተጠቃሚዎችን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለሌሎች ኩባንያዎች አሳልፏል ተብሎ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2021 ጉዳዩ በስምምነት ተዘግቷል። ቤተርሄልፕ የተሰኘው የምክር አገልግሎት ድርጅትም በተመሳሳይ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2023 የ7.8 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ተወስኖበታል። ስለዚህ ለማይታወቅ አፕ ሙሉ ስማችሁንና የውስጥ ጉዳያችሁን አትስጡ፤ ስልካችሁንም በምስጢር ቁጥር ቆልፉ።

ማስታወሻ የማይጠበቅበት ጊዜ

ራስን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ 14 ቀን አይቆጠርም። አራስዋ ለቀናት ሳትተኛ ከቆየች፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች፣ ነገሯ ከተዘበራረቀ ወይም ሕፃኑን የእኔ አይደለም ካለች፣ ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ይዛችኋት ሂዱ። እስክትደርሱ ድረስም ለብቻዋ አትተዋት። ጸሎቱና ጸበሉ አይከለከልም፤ ሕክምናው ግን ለነገ አይባል። አዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ። ሕመሙ የሚድን ነው። ጡት ሳይቋረጥ ሊወሰዱ የሚችሉ መድኃኒቶችም ስላሉ ማጥባታችሁን ለሐኪሙ ንገሩ።

ለክትባት ወይም ለቤተሰብ ምጣኔ ቀጠሮ ስትመጡ ከሕፃኑ ካርድ ጋር ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ያዙ። ማስታወሻውን ከመግባታችሁ በፊት፣ ተራ እየጠበቃችሁ ክፈቱት። ባልም ከውጭ ከሚጠብቅ አብሮ ይግባ። ለብቻዋ መነጋገር የምትፈልገው ነገር ካላት ለነርሷ ትንገራት፤ እሱም ለጥቂት ደቂቃ ሕፃኗን ታቅፎ ይውጣ።