እርምጃ ቆጣሪ አምባር ለተማሪ ኪስ፤ የቱን እንምረጥ?

ከኮልፌ ቀራንዮ ተነሥቶ ወደ ስድስት ኪሎ የሚመላለስ ተማሪ ስለ እርምጃ ትምህርት የሚያስፈልገው አይመስልም። ታክሲ በጠፋበት ጧት ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች በእግሩ የወረደ ሰው ምን ያህል እንደ ተራመደ ጉልበቱ ይነግረዋል። ይሁን እንጂ ዛሬ በየክፍሉ ብንመለከት የብዙ ጓደኞቻችን እጅ እርምጃ በሚቆጥር አምባር አጊጧል፤ ያልገዙትም «የቱን ልግዛ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ ለዚሁ ጥያቄ መልስ እንዲሆን የቀረበ ነው።

«የኪነ ጥበብ ተማሪ በኤሌክትሮኒክስ ጉዳይ ምን አገባው?» የሚለኝ ወንድም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለዚህ ምክንያቴን አስቀድሜ ልናገር። እናቴ የደም ግፊት ሕመም አለባት። ሐኪሙ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ በየቀኑ እንድትራመድ መከራት። እኔም ካጠራቀምኋት የኪስ ገንዘብ ላይ አውጥቼ እርምጃም፥ የልብ ትርታም፥ የደም ግፊትም ይለካል የተባለ ርካሽ ሰዓት ገዛሁላት። ሰዓቱ ጧት 118 በ76፥ ማታ 121 በ78 ይላል። እናቴም «ልጄ፥ በአንተ ሰዓት ተሻለኝ» ብላ መድኃኒቷን በገዛ እጇ ቀነሰች። ወር ሳይሞላ ራሷን አዙሯት ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ግፊቷ 172 በ104 ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ከዚያ የባሰ ሳይመጣ ተረፈች። እኔ ግን ቤት ገብቼ ያንን ሰዓት በተጠቀለለ ፎጣ ላይ ባስረው፥ ለፎጣውም 119 በ77 ሰጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚህ ዕቃ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ከዚህ በታች የሚነበበውም የንባቤ ፍሬ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፤ 10,000 እርምጃ ከየት መጣ?

እያንዳንዱ አምባር ባለቤቱን «በቀን 10,000 እርምጃ» እያለ ይወተውታል። የዚህ ቁጥር ታሪክ ከእኛው ታሪክ ጋር ይገናኛል። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሲፈጽም፥ ጃፓን በሙሉ የስፖርት ፍቅር አድሮባት ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1965 ያማሳ የተባለ የጃፓን ኩባንያ በወገብ የሚታሰር መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበ። ስሙንም «ማንፖ ኬይ» አለው፤ ትርጉሙ «የዐሥር ሺሕ እርምጃ መቁጠሪያ» ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ቁጥር ዓለምን የዞረው በንግድ ስም ላይ ተጭኖ ነው።

ሊቃውንቱ በኋላ መርምረውታል። በ2019 አይ ሚን ሊና ባልደረቦቿ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ 16,741 አሜሪካውያት ሴቶችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፥ በቀን 4,400 ገደማ የሚራመዱት 2,700 ገደማ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት አደጋቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ጥቅሙም ወደ 7,500 ሲደርስ ከዚያ በላይ አልጨመረም። በእርግጥ ጤነኛ የሆነ ሰው ራሱ ብዙ ስለሚራመድ፥ እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም። ቢሆንም 10,000 ያልሞላ ቀን ከንቱ ቀን ነው ብሎ ማዘን እንደማይገባ ያስረዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ይህንንም ማንኛውም የግድግዳ ሰዓት ይለካዋል።

ሁለተኛ፤ ዕቃው እንዴት ይሠራል?

በአምባሩ ውስጥ ከጣት ጥፍር በጣም የምታንስ አንዲት የሲሊኮን መሣሪያ አለች። በውስጧ በቀጫጭን ዘንጎች የተንጠለጠለ ክብደት ይገኛል፤ እጅ በተወዛወዘ ቁጥር ክብደቱ ቦታውን ይለቅና የኤሌክትሪክ ለውጥ ይፈጥራል። ኮምፒዩተሩ ይህን ለውጥ ተመልክቶ የእግር ጉዞ ዜማ ያለው ሲመስለው «እርምጃ» ብሎ ይመዘግባል። ስለሆነም አምባሩ የሚቆጥረው በቀጥታ እግርን ሳይሆን የእጅን ውዝዋዜ ነው። በኮረኮንች መንገድ የሚነጥር ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን እርምጃ ሲጨምርልን፥ ሁለት እጃችን ዕቃ ይዞ ስንራመድ ደግሞ ሲያጐድልብን የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ርቀትን የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ እርምጃውን በአንድ እርምጃ ርዝመት በማባዛት ነው። ለምሳሌ የሰውዬው እርምጃ 65 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ አምባሩ 75 ሳንቲ ሜትር ብሎ ቢገምት፥ ከ10,000 እርምጃ በኋላ 6.5 ኪሎ ሜትር የሄደውን ሰው 7.5 ኪሎ ሜትር ሄድህ ይለዋል። ሙሉ 1 ኪሎ ሜትር በስሕተት ተመረቀለት ማለት ነው። ከሳተላይት ጋር የሚገናኝ ጂፒኤስ ያለው ሰዓት ይህን ያርማል፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ይላል፥ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሳል።

የልብ ትርታ የሚለካው ከአምባሩ ሥር በሚበራው አረንጓዴ መብራት ነው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል፤ ልብ በመታ ቁጥር በቆዳ ሥር የሚያልፈው ደም ስለሚበዛ፥ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል። የጠቆረ ቆዳም ብርሃንን ስለሚውጥ መለኪያው እኛን ያሳስታል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በዚህ ረገድ የጥናቶቹ ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በቆዳ ቀለም ምክንያት ጐልቶ የሚታይ ልዩነት አላገኘም፤ በእንቅስቃሴ ጊዜ ግን ስሕተቱ በዕረፍት ጊዜ ካለው በአማካይ 30 በመቶ እንደሚበልጥ አስታውቋል። እንግዲህ በሩጫ መካከል የሚታየውን ቁጥር በጥርጣሬ መመልከት ይበጃል።

ሦስተኛ፤ የማይችለውን እንወቅ

ያቃጠልነውን ካሎሪ የሚነግረን ቁጥር ግምት ነው። በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መሣሪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሲፈትኑ፥ የልብ ትርታን ስድስቱ ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ለኩ፤ በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው እንኳ በአማካይ በ27 በመቶ ሳተ። ስለዚህ አምባሩ ያቃጠልኸው ይህን ያህል ነው ስላለ ብቻ እንጀራ የሚጨምርም ሆነ የሚቀንስ ሰው በስሕተት ላይ ስሕተት ይደርባል።

ስለ ደም ግፊት ከእናቴ ታሪክ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ አያሻኝም። የሚታመነው ክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋው መለኪያ ነው። በሰዓት መልክ የተሠሩ ጥቂት የተፈተኑ መሣሪያዎች ቢኖሩም፥ ብዙዎቹ በየጊዜው ከዚሁ ከሚነፋው መለኪያ ጋር መመሳከር አለባቸው፤ ዋጋቸውም የእኛ ኪስ የሚችለው አይደለም። ቆዳ ሳይወጋ የደም ስኳር እለካለሁ የሚለው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሕዝቡ እንዲህ ባለ ሰዓትና ቀለበት እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል። የስኳር ሕመምተኛ በሐሰተኛ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን ቢወስድ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላልና።

አራተኛ፤ ስንገዛ ምን እንመልከት?

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፥ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አልረጋም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የብር መጠን ብጽፍ መጽሔቱ ተባዝቶ እስኪወጣ ያረጃል። በዋጋው ፈንታ መለኪያውን ልስጥ።

ሀ) በስልክ እንጀምር። በኪሳችን ያለው ዘመናዊ ስልክ ያችኑ የእንቅስቃሴ መሣሪያ ይዟል። እርምጃ ለመቁጠር ብቻ ከሆነ ስልኩን ኪስ ውስጥ አድርጎ መሄድ ይበቃል፤ ተጨማሪ ወጪ የለውም። አንድ ወር በስልክ ቆጥሮ ያልሰለቸው ተማሪ ያን ጊዜ አምባር ይግዛ።

ለ) ባትሪውን እንጠይቅ። ትንሽ ገጽ ያላቸው ቀላል አምባሮች በአንድ ጊዜ ሙሌት ከሳምንት በላይ ሲሠሩ፥ ትልልቅ ስማርት ሰዓቶች በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መሞላት ይፈልጋሉ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የአምባሩ መሙያ ገመድ ብዙ ጊዜ የራሱ ብቻ ስለሆነ፥ ገመዱና ማሰሪያው ለብቻ ተሽጦ የሚገኝ መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ሐ) የአማርኛ ፊደል ያሳያል? የአማርኛ መልእክት ሲመጣ ባዶ ሳጥን ብቻ የሚደረድር አምባር አለ። ከመክፈላችን በፊት አንድ ጓደኛ የአማርኛ መልእክት ቢልክልን ወዲያው ይለያል። የቀን ቆጠራውም የሚታደሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት መሆኑን፥ የወር መዝገቡም በአውሮጳ ወር እንጂ በመስከረምና በጥቅምት እንደማይሄድ እንወቅ።

መ) ውሃን በሚመለከት፥ «5 ኤቲኤም» የሚል ጽሑፍ ዕቃው የ50 ሜትር ጥልቀት ያህል ግፊት ባለው ረጋ ያለ ውሃ ተፈትኗል ማለት ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና ከዚህ ፈተና ውጭ ናቸው።

አምስተኛ፤ በሱቁ በር ላይ የሚደረጉ ሦስት ፈተናዎች

የመጀመሪያው የእርምጃ ፈተና ነው። ቁጥሩን አይተን፥ በአፋችን እየቆጠርን 200 እርምጃ እንሂድ። አምባሩ ከ190 እስከ 210 ካለ ደኅና ነው። ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች ዘግይተው ስለሚደምሩ ከ20 ወይም ከ30 እርምጃ በኋላ መፍረድ አይገባም።

ሁለተኛው የትርታ ፈተና ነው። ጥቂት ተቀምጠን፥ ሁለት ጣት በእጅ አንጓ ላይ አኑረን ለ30 ሴኮንድ ትርታችንን ቆጥረን በ2 እናባዛ። ከአምባሩ ጋር እናስተያይ። ቀጥሎ ደረጃ ወጥተን ወርደን ደግመን እንቁጠር። የእኛ ቁጥር ጨምሮ የአምባሩ ባለበት ከቆመ፥ መብራቱ ለጌጥ የተደረገ ነው።

ሦስተኛው የፎጣ ፈተና ነው። እውነተኛ የትርታ መለኪያ እንኳ አንዳንዴ ግዑዝ ነገር ላይ ቁጥር ሊያወጣ ስለሚችል፥ በትርታ ብቻ አንፍረድ። ለፎጣ የደም ግፊት የሚሰጠውን ግን ለሻጩ በትሕትና መልሰን እንሂድ።

መደምደሚያ

በ1962 ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስድ፥ በተወሰነ ሰዓት ረጅም መንገድ የሚያስኬድ ከባድ የእግር ጉዞ ከሥልጠናው አንዱ ክፍል እንደ ነበረ በግለ ታሪኩ ጽፏል። በእጁ እርምጃ ቆጣሪ አልነበረም። ይህን የማነሣው አምባር አንግዛ ለማለት አይደለም። ቁጥር ሰነፉን ሲያነሣሣ አይቻለሁ፤ እኔንም አነሣሥቶኛል። ነገር ግን አምባር ጥሩ አስታዋሽ እንጂ ሐኪም አይደለም። እርምጃ በትክክል የሚቆጥር ቀላል አምባር የሚገዛ ተማሪ፥ ስምንት ነገር እለካለሁ ብሎ አንዱንም በትክክል የማይለካ ሰዓት ከሚገዛው የተሻለ አትርፏል። የተረፈችውንም ገንዘብ ያኑራት።

እናቴ ዛሬ ሰዓት አታስርም። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፤ በየወሩ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትለካለች። ማታ ማታ ጥላዋን ይዛ ከጎረቤቷ ጋር በእግር ወጣ ትላለች። «ስንት እርምጃ ሄድሽ?» ስላት «ጨዋታችን እስኪያልቅ» ትለኛለች። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰዓት አምኖ መድኃኒቱን የቀነሰ አባት ወይም እናት ቢኖር፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ዛሬውኑ ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።